የአራተኛው ክፍል ግንበኛ

ማስታወቂያው የተለጠፈብን ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ለሥራና ለገበያ በሚወጣበት ሰዓት። ሁለት ሰዎች የበራችን ቆርቆሮ ላይ ሙጫ ለቀለቁ፣ ወረቀቱን በመዳፋቸው ደለደሉ፣ "ደህና ዋሉ እናቴ" ብለውኝ ሄዱ። ልጆቼ፣ ሰድበውኝ ቢሄዱ ይሻለኝ ነበር። የሰባት ዓመት የቤት ግብር ከነቅጣቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። እኔ የተማርኩት ሁለት ዓመት የማታ ትምህርት ነው፤ ብዙ ቃል ያደናቅፈኛል። "ሐራጅ" የምትለዋን ግን በአንድ እይታ ነው ያነበብኳት።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ሳትሰሙ እንዳትፈርዱብን።

ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ሰፈሩ "ቱምቢ" ይለዋል፣ ግንበኛ ግድግዳ መቆሙን በሚለካባት፣ በገመድ በምትንጠለጠለው ብረት። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጠማማ ነገር አይወድም። ሰው ቤት ሄዶ የተጣመመ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ካየ፣ የቀረበለትን ሻይ ትቶ ይነሳና ያቃናዋል። እኔና እሱ የተገናኘነው ሥራ ላይ ነው። እኔ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቡኮ፣ ማለት የተቦካ ሲሚንቶ፣ የተሞላ ባሬላ ይዘን ፎቅ ለፎቅ እናመላልሳለን፤ እሱ ከላይ ሆኖ "ፍጠኑ፣ ሊደርቅብኝ ነው!" እያለ ይጮሃል። አንድ ቀን አንጀቴ አረረና፣ "ምላስህ እንደሚፈጥነው እጅህም ቢፈጥን ኖሮ መች ይደርቅ ነበር!" አልኩት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀበት። በዓመቱ ተጋባን። ቆይቼ እኔም ልስን ለመድኩና ለሳኝ ሆንኩ።

የቤታችንን ሦስት ክፍሎች የገነባው እሱ ነው። አራተኛውን የገነባሁት ግን እኔ ነኝ።

የአራተኛውን መሠረት አውጥቶ፣ ብሎኬቱን ግቢ ውስጥ ከምሮ፣ ሲሚንቶውን አስገብቶ እንደጨረሰ ሰው ቤት ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ስምንት ወር ተኛ። ልጃችን ያኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል። ሲሚንቶ ደግሞ በሽተኛ እስኪድን አይጠብቅም፤ ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ እሁድ ደግሞ ሙሉ ቀን፣ ገነባሁት። እሱ ከአልጋው ሆኖ የግንበኛ ማንኪያውን ድምፅ እየሰማ፣ "ማን ነው የሚሠራው?" ይለኛል። "ሰው ቀጥሬ ነው፤ ዝም ብለህ ተኛ" እለዋለሁ።

በክራንች መቆም የጀመረ ዕለት ቱምቢውን አንጠልጥሎ በቀጥታ ወደዚያ ክፍል ሄደ። አራቱንም ማዕዘን ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ዞር አለና፣

"ይሄን ግንበኛ አስተዋውቂኝ" አለኝ።

"ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗችኋል እኮ ከተጋባችሁ" አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። ሦስተኛ ያደረገውን አልነግራችሁም፤ ባሌ ነው፣ ልሸፍንለት።

ጣጣው የመጣው በዓመቱ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቤቱን እንደገና ሊለኩ በመጡ ጊዜ ነው። ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል "የገነባው ባለሙያ ስም" የሚል መስመር አለ። ሦስቱ ላይ ቱምቢ ስሙን አስጻፈ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ የእኔን ስም ተናገረ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳና፣

"እሳቸው? የሙያ ወረቀት አላቸው?" አለ።

"የሙያ ወረቀቷ ከፊትህ ቆሟል፤ አራት ማዕዘን አለው።"

"አባቴ፣ እንደሱ አይሆንም። ግድ የለም፣ የእርስዎን ስም ልጻፈውና እንገላገል። ምን ያጎድላል?"

"ያልገነባሁትን ግድግዳ ገነባሁ ብዬ አልፈርምም።"

ቅጹ ሳይሞላ ቀረ። ቅጹ ካልተሞላ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የክፍያ መስኮት ግብር አይቀበልም። ቱምቢ በየዓመቱ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ በየዓመቱ "ቅጹን አሟልተው ይምጡ" ይባላል፣ በየዓመቱ ተቆጥቶ ይመለሳል። የተቆጣ ሰው ደግሞ "ታዲያ ምን ላድርግ?" ብሎ አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ገንዘቡን በፖስታ አስቀመጥነው። ከዚያ ልጃችን ነርስነት ልትማር ገባች፤ ፖስታው ለትምህርት ቤት ክፍያ ሄደ። አልዋሻችሁም፣ በላነው። ሌላም አልዋሻችሁም። "ስሜ ገደል ይግባ፣ የአንተን አስጽፈህ ክፈል" እለው ነበር፤ ግን ከልቤ አልነበረም። ስለ እኔ ስም ብሎ ሲጣላ ማየት ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። ዕዳው ሲከመር የእሱ እልህ ብቻ አልነበረም የከመረው፤ የእኔም ደስታ እጁ አለበት።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ሰሞን ልጃችን መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። እሷ በምትሠራበት ክሊኒክ አካባቢ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለአባቷ ዳሌ የሚመች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አግኝታልናለች። ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቀን ቃል ሰጥቷታል።

"አባዬ፣ ሐራጅ ሳይመጣ ሽጡት" አለች። "ደግሞ ያንን ቅጽ ዝም ብለህ ፈርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ" አላት። "ለዚህ እኮ ነው ወረቀቱ ውሸት እንዳይዝ የምለው።"

መቼም ምን ትላለች? ሳቀች። የእሱ ልጅ ነች።

ለመሸጥ ተስማማን። ዕዳ ያለበትን ቤት ግን ማን ይገዛል? ባንክ እንዲህ ላለው ቤት አያበድርም። የቀረው ሰፈሩ "ጥሬው" የሚለው ሰውዬ ነበር፤ በጥሬ ገንዘብ እንጂ በሌላ አይገዛም፣ ዕዳ አያስፈራውም፣ ዛሬ አይቶ ነገ ይፈርማል። ሁለት ስልክ የያዘ ደላላ ይዞት መጣ። ሐራጁ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ጥሬው ክፉ ሰው አይደለም። ችኩል ነው። በጣቱ ቀለበት ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረገ ክፍል ለክፍል ዞረ። አራተኛው ክፍል ሲደርስ ኳኳታው ቆመ።

"ይሄኛው ካርታው ላይ የለም" አለ።

"የለም" አልኩ።

"እንግዲያው እኔ የምገዛው ሦስት ክፍል ነው። ወረቀት ላይ የሌለ ክፍል ለእኔ ግቢ ነው። የሦስቱን ዋጋ እሰጣለሁ፣ ከሱ ላይ ዕዳውን እቀንሳለሁ፣ መሥሪያ ቤቱን እኔ እጨርሰዋለሁ። እናንተ መስኮቱን እንኳ አታዩትም።"

ደላላው ቀበል አደረገና፣ "ጋሼ ቱምቢ፣ ይሄ እኮ የሰማይ መና ነው! ተቀምጠው ገንዘብ መቁጠር ብቻ!" አለ።

ሒሳቡን በልቤ አሰላሁት። ዕዳው ከነቅጣቱ የአንድ ክፍል ዋጋ ያክላል። አራተኛው ካልተቆጠረ በእጃችን የሚቀረው የሁለት ክፍል ዋጋ ነው፤ ለዚያ ለክሊኒኩ አካባቢ ቤት አይበቃም። አራተኛው ከተቆጠረ ግን ያ ክፍል ራሱ ዕዳውን ይሸከማል። ቱምቢ ሒሳብም አላሰላ። የተቆጣው "ግቢ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

"ግቢ አልከው? ግቢ ጣሪያ አለው? እንዲህ ያለ ማዕዘን አለው?"

"አባቴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ የማውቀው ወረቀት ነው።"

መሀላቸው ገባሁ። "ልጄ፣ ወረቀት ላይ ቢሰፍር የአራት ክፍል ዋጋ ትከፍላለህ?"

ሳቀ። ሳቁ የንቀት አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤት ወረፋ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነበር። "እናቴ፣ በአሥራ ሁለት ቀን? ከዚያ መሥሪያ ቤት? ካመጡማ እከፍላለሁ።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

"አንተ ምስክር ነህ" አልኩት ደላላውን።

"እኔ ኮሚሽኑ ከበለጠልኝ ለሰባት ሰው እመሰክራለሁ!" አለ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ቱምቢን አልወሰድኩትም፤ ከእሱ ጋር ከሄድኩ መስኮቱ ጋ ሳንደርስ ጠብ ይጀመራል። ረጅም አግዳሚ ላይ፣ ከአንድ የታመመ ጥርሱን ከያዘ ሰውና የልጅ ልጇን ካቀፈች ሴት መሀል ተቀምጬ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ቱምቢ በሰባት ዓመት ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ።

"ልጄ፣ እኔ የሙያ ወረቀት የለኝም። እንዲኖረኝ ምን ላድርግ?"

መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። "ምዘና ይጠይቃላ። ክፍያውን ከፍለው ይመዝገቡ፣ መዛኝ ይላካል።"

ይኸው ነው። ይኸው ብቻ! ሰባት ዓመት! እዚያው አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ጥርሱን ያመመው ሰውዬ እንኳ እጁን ከጉንጩ አንስቶ ሳቀ።

መዛኟ የመጣችው ሐራጁ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። የልጄ እኩያ ነች፤ ቆብ ደፍታ፣ ውሃ ልኳን በብብቷ ይዛ። አራተኛውን ክፍል ውስጥም ውጭም አየች፣ ለካች፣ ጻፈች። ከዚያ ደብተሯን ዘጋች።

"እናቴ፣ ግድግዳው ጥሩ ነው። ግን ግድግዳ ማን እንደገነባው አይናገርም። እጅዎን ልየው። ሁለት ሰዓት ይሰጥዎታል፤ አንድ ማዕዘን፣ በሁለቱም በኩል አምስት ረድፍ።"

ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጆቼ። ጉልበቴ ሲያጥፉት ይንቋቋል። ማንኪያ ከጨበጥኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ብሎኬቱን ከጎረቤት ተበደርን፤ ጎረቤቶቹም ብሎኬቱን ይዘው እንደመጡ እዚያው ቀሩ። ጥሬውም በዚያው ሰዓት ሊያስፈርመን መጣ፤ ሰዓቱን አየና፣ "ስንት ደቂቃ ነው?" አለ። "ሁለት ሰዓት ነው" ሲሉት በሩ ጋ ቆሞ ቀረ።

"ረዳት ይፈቀዳል" አለች መዛኟ። "ቡኮ የሚያቀርብ፣ ብሎኬት የሚያቀብል።"

ቱምቢ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ።

"እኔ ነኝ" አለ።

አያችሁት? አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያዝዝ የኖረ ሰው! አካፋውን ይዞ፣ በደህናው እግሩ ተደግፎ፣ አሸዋና ሲሚንቶውን ያሽ ጀመር። እኔ ሲባጎ ወጠርኩ፣ የመጀመሪያውን ብሎኬት አኖርኩ። አፌ ሳላስበው፣

"ቡኮ አምጣ! ፍጠን፣ ሊደርቅብኝ ነው!" አለ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ቱምቢ ግን አልሳቀም፤ "እሺ ግንበኛዬ" ብሎ ባልዲውን አመጣ።

ችግሩ አፉን መያዝ አለመቻሉ ነው። "ትንሽ ወደ ግራ…" ሲል መዛኟ፣

"አባቴ፣ ረዳት አይናገርም" አለችው።

"አልተናገርኩም፤ አስሎኝ ነው።"

"ረዳት ወደ ግራ አይስልም።"

ከዚያ በኋላ ከንፈሩን ነክሶ በዓይኑ ብቻ ይከተለኝ ጀመር። እኔ ግን ዓይኑን አላየሁም። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ እጄ ዘገየ፤ ሁለተኛው ላይ አስታወሰ። እጅ የማይረሳው ነገር አለው። ሦስተኛውን ጨርሼ አራተኛውን ስጀምር አንድ ነገር ከነከነኝ። ውሃ ልኩን አኖርኩበት። በሦስተኛው ረድፍ ከማዕዘኑ ሁለተኛው ብሎኬት የጣት ጥፍር ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል።

ሰዓቱን ጠየቅኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል።

"ልስን ይሸፍነዋል እኮ" አለ ጥሬው ከበሩ፣ በእውነት ሊረዳኝ ፈልጎ።

"ልስን እንደሚሸፍነውማ አውቃለሁ፤ ለሳኝ ነኝ" አልኩትና አራተኛውንም ሦስተኛውንም ረድፍ አፈረስኩ።

ጎረቤት ሁሉ "ኧረ!" አለ። ቱምቢ ግን ያፈረስኩትን ብሎኬት አንድ በአንድ እየጠረገ፣ ከእጄ ሳይለይ፣ ሳልጠራው ያቀብለኝ ገባ። እንደዚያ ያለ ረዳት በዕድሜዬ አላየሁም። አምስተኛውን ረድፍ ዘግቼ መጋጠሚያውን ስጠርግ ሰባት ደቂቃ ተርፎኝ ነበር። ወገቤን ቀና ማድረግ አቃተኝ፤ በእጄ ማንኪያውን እንደያዝኩ አጎንብሼ ቆየሁ።

መዛኟ ለካች። በሁለት በኩል፣ ከላይ፣ በሰያፍ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ጻፈችና ገጹን ወደ እኔ አዞረችልኝ፤ ራሴ እንዳነበው።

ቀስ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ስሜ ከነአባቴ። ከሥሩ ደግሞ፦ ግንበኛ።

"ያፈረሱትን ሳያፈርሱ ቢያልፉም ያልፉ ነበር" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከሚፈቀደው ስህተት ውስጥ ነበር።"

"ለእኔ ግን የሚፈቀድ አልነበረም" አልኳት።

ቱምቢ ያን ዕለት ከሰዓት ሰፈሩን ሁሉ ዞረ። ዳቦ ቤት ገባ፣ ጫማ ጠጋኙ ጋ ቆመ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ የማያስፈልገውን ፀጉር ተቆረጠ። "ሚስቴ እኮ ግንበኛ ነች" ይላል። "እናውቃለን፣ ነግረኸናል" ይሉታል። "አሁን ግን መንግሥትም አወቀ!" ይላል።

የሙያ ወረቀቱ እጄ ገባ፣ ቅጹ ተሞላ፣ አራተኛው ክፍል ካርታው ላይ ሰፈረ። ግብሩም በዚያው ልክ አደገ፤ ክፍል ሲጨመር ግብር ይጨመራላ። ቱምቢ ለዚህ እንኳ ደስ አለው። "በስምሽ ግብር ተጣለብሽ!" አለኝ፣ የሹመት ያህል።

ጥሬው ቃሉን አላጠፈም። ቅር እያለው ነው፤ ግን "እናቴ፣ ያን ቀን በሩ ጋ ባልቆም ኖሮ እከራከርዎት ነበር" ብሎ በአራት ክፍል ዋጋ ተስማማ። "ዕዳውን እኔ ኋላ እጨርሳለሁ፤ ከዋጋው ልቀንሰው" ሲል ግን ባለቤቴ እምቢ አለ።

"ቤቴን ከነዕዳው አልሸጥም። ገንዘቡን ይዘህ ና፤ መስኮቱ ጋ አብረን እንሂድ። ዕዳዬን በእጄ ከፍዬ ደረሰኜን ስቀበል ታያለህ፤ ከዚያ ትፈርማለህ።"

"ያው አይደለም ወይ አባቴ?"

"ያው ከሆነ ታዲያ ምን ቸገረህ?"

እንዳለውም ሆነ። ሐራጁ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አራታችን ከነደላላው መስኮቱ ጋ ቆምን። ባለቤቴ የሰባቱን ዓመት ግብር ከነቅጣቱ ቆጥሮ አስገባ፤ ደረሰኙን ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ አነበብኩት። በእጃችን የቀረው ገንዘብ ልጃችን ላገኘችልን ቤት ይበቃል፤ ለትንሽ እድሳትም ይተርፋል።

ከዚያ ውል ጸሐፊው ክፍል ገባን። ጸሐፊው ፈጣን ነው፤ የሻጭን ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እየጠየቀ ይሞላል። ከባለቤቴ ጨርሶ ወደ እኔ መጣ። ስሜን ነገርኩት። ዕድሜዬን ነገርኩት። ሥራ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን አልጠየቀኝም፤ እጁ በራሱ ሄዶ "የቤት እመቤት" ብሎ ጻፈ።

"ልጄ፣ አንዴ ቆይ" አልኩት። "ግንበኛ በልልኝ።"

"አይ እናቴ፣ ለውሉ ለውጥ አያመጣም እኮ።"

"ለእኔ ያመጣል።"

"ስርዝ ድልዝ ያለበት ውል ደግሞ አይጸድቅም። ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።"

ጥሬው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጣሪያውን አየ። "በእግዚአብሔር! ለአንዲት ቃል?"

ባለቤቴ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፤ እንደሚቆይ ሰው ተመቻችቶ ተቀመጠ።

"ልጄ" አለው ጥሬውን፣ "እኛ ለዚያች ቃል ሰባት ዓመት ጠብቀናል። አንተ አንድ ገጽ ጠብቅ።"

ደላላው ሳቀ። ጥሬውም ሳይወድ ሳቀ። ጸሐፊው ተነፈሰና ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለ፣ አዲስ ገጽ አወጣ፣ ብዕሩን አነሳ።

"እሺ እናቴ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለኝ።

ከመጀመሪያው ነገርኩት። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ዕድሜዬን፣ ሥራዬን። ሁሉንም ቀስ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ።